ፎጣው በእጅሽ ሳለ

ጥቅምት 4

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። ደህና ነኝ። ይህን ቶሎ ብዬ የጻፍኩት በሦስት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ "ጤናህስ?" እያልሽ ልቤን ስላወለቅሽው ነው። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮሃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስለለመደው ግን ዞሮ የሚያየኝ የለም። ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽውም መልሱን ታውቂዋለሽ። ስልክ ላይ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እንጣላለን፤ ደብዳቤ ላይ ግን ቢያንስ አታቋርጪኝም።

የጁዶ ኮትሽን ሰፍቼ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ኮሌታው ተተልትሎ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት፣ ያውም የስፖርት አስተማሪ፣ ኮሌታዋን ይዘው ሲጎትቷት ለምን ደስ እንደሚላት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለማንኛውም የቦክስ ጓንት በሚሰፋበት ክር ደርቤ ሰፍቼዋለሁ፤ አሁን ተማሪዎችሽ ሁሉ ቢንጠለጠሉበትም ይችላል።

እዚህ ጓንት መስፊያው ቤት ውስጥ ሰሞኑን በአንድ ክርክር ሥራ ፈትተናል። አዲሶቹ ሰፊዎች በምሳ ሰዓት አንድ ስልክ ይከቡና በሽቦ አጥር ውስጥ የሚደባደቡ ሰዎችን ያያሉ። አንደኛው ቀና ብሎ፣ እውነተኛ ድብድብ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው አለኝ። ሃያ አምስት ዓመት ጓንት ለሰፋ፣ ከዚያ በፊትም ጓንት ለብሶ ለኖረ ሰው እንዲህ ይባላል? አስቀምጬ አስረዳሁት። ቴኳንዶ እግር ማሳያ ነው። ካራቴ ከአየር ጋር መጣላት ነው። ትግል ላብ መለዋወጥ ነው። ጁዶ፣ ይቅርታሽን፣ ኮት መጎተት ነው። በአጥሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ሁሉንም ቀላቅሎ አንዱንም በቅጡ አያውቀውም። ድብድብ ማለት ሊመታህ የመጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየህ ከፊቱ አለመሸሽ ነው፤ እሱም ያለው ቦክስ ውስጥ ብቻ ነው አልኩት። ሰውየው በትሕትና ራሱን ነቀነቀና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የድሮው የቦክስ አዳራሻችን ሊዘጋ ነው። መጋዘን ይሆናል አሉ። ከመዘጋቱ በፊት፣ ኅዳር 30 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሮጌዎቹ ቦክሰኞች ተሰብስበን ሦስት ሦስት ዙር እንድንጋጠም የአዳራሹ ጠባቂ ስማችንን መዝግቧል። የእኔ ተጋጣሚ ዳቦ ጋጋሪው ነው። አዎ፣ ያው ዳቦ ጋጋሪ። እሱም ስልሳ ሊደፍን ነው፤ ቅንድቡ የነጣው በሽበት ይሁን በዱቄት አይታወቅም።

ማዕዘኔ ላይ ቆሞ ፎጣ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ካንቺ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ? ነይና ያዥልኝ።

ከምታስተምሪበት አዳራሽ ጀርባ ስላለው፣ መጥተህ ኑርበት ስለምትይኝ ክፍል ዛሬም ጽፈሻል። ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው። እኔ ገና የሰው እጅ የማይ ሰው አይደለሁም።

ወንድምሽ

ጥቅምት 15

ለወንድም ጋሼ፣

ብታኮርፍም እጠይቃለሁ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እናታችን ታላቅሽን አክብሪ ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ ታላቅሽ ያለሽን ሁሉ እመኚ ግን ብላኝ አታውቅም።

ኮት መጎተት ላልከው ዛሬ ሳልመልስልህ አላድርም። እኛ ጋ አንገቱ ወይም ክንዱ የተያዘ ሰው በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። ምንጣፉን ይምታ፣ የያዘውን ሰው ትከሻ ይምታ፣ ሁለት ጊዜ ከመታ የያዘው ሰው በዚያችው ቅጽበት ይለቀዋል። ለተማሪዎቼ ሰው መጣል ከማስተማሬ በፊት የማስተምራቸው ይህን ነው። የሰው ትንፋሽ ጆሮህ ሥር ሆኖ፣ ክንዱን ልትሰብረው ስትችል፣ ለሁለት የመዳፍ ድምፅ ብለህ የምትለቅበት ነው ለእኔ እውነተኛው ድብድብ። የእናንተው ደወል እየተደወለ የሚሠራ ጠብ ነው። ቦክሰኛው በቃኝ ቢል እንኳ የሚልበት መንገድ የለውም። "በቃው" የሚልለት ማዕዘኑ ላይ ፎጣ ይዞ የቆመው ሰው ነው፤ እሱ ፎጣውን ወደ ሪንጉ እስኪጥል ድረስ ተጋጣሚው መምታቱን ይቀጥላል። ይህን ትልቅ ነገር አድርገህ ስታወራ እናታችን ትዝ ትለኛለች። ሁለታችን ስንጨቃጨቅ፣ እውነተኛ ድብድብ የእናንተን ልብስ ማጠብ ነው ብላ ሁለታችንንም ጸጥ ታሰኘን ነበር።

ስለ ኮቱ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስፌቱ ከኮሌታው ጫፍ ጀምሮ ሦስት ጣት ያህል ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከዚያ ይመለስና እንደገና ይስታል። አንተ በዕድሜህ ጠማማ ስፌት ሰፍተህ አታውቅም። የሌላ ሰው ስፌት እንኳ ሲጠምም እንቅልፍ የሚነሳህ ሰው ነህ። የደብዳቤህ መስመርም ከወረቀቱ መሐል ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ምን ሆነህ ነው?

ፎጣውን አልይዝም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ይዤልህ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ግራ ዓይንህን ባየሁ ቁጥር ያ ፎጣ ዛሬም እጄ ላይ ይከብደኛል። ሌላ ሰው ፈልግ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ግጥሚያውን መተውህ ነው። ለዳቦ ጋጋሪው ሰላም በልልኝና ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡ።

ክፍሉን ለማንም አልሰጥም። ትናንት ግድግዳውን ቀለም አስቀባሁት። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ድረስ ትገባለች።

እህትህ

ጥቅምት 24

ለእታለም፣

የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም፤ ሥራ በዝቶብን ነው። አንድ የስፖርት ማኅበር መቶ ጥንድ ጓንት አዝዞናል፤ ቀይ ቆዳ፣ ነጭ ጠርዝ።

ስለ ስፌቱ ጠይቀሻል። መርፌው ደንዝዞ ነው። የስፌት መኪናውም ከእኔ እኩል አርጅቷል። ወረቀቱ ደግሞ የምጽፍበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ነው። የሰው ጥፋት ከመቁጠር ሌላ ሥራ ብትፈልጊ ይሻልሻል።

ዳቦ ጋጋሪውን ሰላም ብዬልሻለሁ። በጣም ነው ደስ ያለው። አሁንም ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሱቁ በር ሳልፍ አንድ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብለኛል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላቋረጠም። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ለሁለት ወር በየማለዳው ትኩስ ዳቦ ይዞ ሲመጣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ዳቦውን አንቺ ነበርሽ የምትቀበይው። አንድ ቀን እርቦኝ ዞርኩ፤ ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆንን።

ፎጣ ያዡ ለሌላ ሰው በቃው ይላል ብለሽ ነቀፍሽው። እኔ ግን የቦክስ ትልቅነቱ ያ ነው እላለሁ። ሪንግ ውስጥ የገባ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፣ መቆም። በቃኝ የማለቱ ሸክም ከላዩ ወርዶለታል። ለሚያምነው ሰው አስረክቦታል። አንቺ በቃኝ የማለቱን ለተጋጣሚሽ ነው የምትሰጪው፤ እኔ ግን ለወገኔ ነው የምሰጠው። ከዚህ የበለጠ መተማመን የት አለ?

ያን ቀን ፎጣውን ለምን እንዳልጣልሽው ጠይቄሽ አላውቅም። ስለ ኮትና ስለ ጓንት ስንነታረክ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖርን እንጂ ይህቺን አንስተናት አናውቅም። አሁንም አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ኅዳር 30 እንድትመጪ ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያቺ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አሁንም አለች፤ አንድ ጫፍ ላይ ስትቀመጪ ሌላው ጫፍ ብድግ ይላል።

ወንድምሽ

ኅዳር 3

ለወንድም ጋሼ፣

ይቅርታ ጠይቄ ልጀምር፤ ከጀርባህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ለመስፊያው ቤት አለቃ ጻፍኩላቸው። እሳቸውን አትቀየማቸው፤ እህት ነኝ ብላ የጠየቀቻቸውን ሴት መዋሸት አልሆነላቸውም። ከስፌት መኪናው ላይ ከተነሳህ ስምንት ወር ሆኖሃል። አሁን የምትሠራው ጓንቶቹን በመዳፍህ እየዳበስክ ውስጣቸውን መሙላት ነው። ቀኝ ዓይንህ ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ ነው፤ ሐኪሙም አንድ ጠንካራ ምት ካረፈበት እንደሚያከትምለት ነግሮሃል። ይህን ሁሉ የሰማሁት አይቻቸው ከማላውቃቸው ሰው ነው። ለእኔ ለእህትህ የተነገረኝ ጉልበትህ እንደሚጮህ ብቻ ነው። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ ነው የምጽፍልህ።

ኮቴን ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየህ በእጅህ እንደሰፋኸው፣ ሦስት ቀን እንደፈጀብህም ነግረውኛል። ኮቱን አለብሰውም። ተማሪ እንዲጎትተው አልፈልግም፤ ቢሮዬ በር ኋላ ሰቅዬዋለሁ።

አልጠይቅሽም ያልከውን ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ያን ቀን አሰልጣኝህ በትኩሳት ስለተኛ ፎጣውን ለእኔ ሰጠኸኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከምንጣፍ ሌላ የማውቀው አልነበረም። በአምስተኛው ዙር ዳቦ ጋጋሪው ገመዱ ላይ ሲያስደግፍህ እኔ ፊትህን አላየሁም። እጅህን ነበር የማየው። እንድትመታ እየጠበቅኩ። ገመዱን፣ ወለሉን፣ የሱን ትከሻ፣ የትም ይሁን፣ ሁለት ጊዜ። እኛ ጋ ያልመታን ሰው ማስቆም እሱን መናቅ ነው። ጋሼ ካልመታ ገና ይችላል ማለት ነው እያልኩ ፎጣውን እንደጨበጥኩ ቆምኩ። የቦክስ ሕግ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለው አላውቅም ነበር ብልህ ውሸት ነው፤ ነግረኸኝ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ጭንቅላቴ የሚያውቀውን እጄ አላወቀውም። ዳኛው ራሱ ሲያስቆመው ነው የነቃሁት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነው የኖርኩት።

እንግዲህ ስማኝ። ግጥሚያውን ራስህ ካልተውክ ለአዳራሹ ጠባቂ ስለ ዓይንህ ጽፌ አስቀረዋለሁ።

እህትህ

ኅዳር 11

እታለም፣

ለጠባቂው ከጻፍሽ ለእኔ አትጻፊ። እንዳታልፊው ብዬ ነው ከሰላምታው በፊት የጻፍኩት።

ቁጣዬን ሁለት ቀን አሳደርኩት፤ አሁን በርዶልኛል። አለቃውንም አልተቀየምኩም። እሳቸው ይልቅ እኔን ሲያዩ አፍረው በሌላ በር መግባት ጀምረዋል።

የተነገረሽ ሁሉ እውነት ነው። ፊት ለፊቴ የቆመን ሰው አፍንጫና አፉን አየዋለሁ፤ ጆሮውን ለማየት ጭንቅላቴን ማዞር አለብኝ። በሚቀጥለው ዓመት ይህም አይኖርም። ታዲያ ለምን ትጋጠማለህ ትያለሽ። እኔ ሰውን የማውቀው ፊት ለፊቴ ሲቆም ነው። ከአባታችን ጀምሮ የወደድኩትንም የጠላሁትንም ሰው ፊቱን እያየሁ ነው ያወቅኩት። ከእንግዲህ ሰው የሚመጣው በድምፅ ብቻ ሊሆን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ፣ ሊመታኝ የመጣን ሰው እያየሁ መቆም ፈለግሁ። ቦክስ ብቻ ነው እውነተኛ ድብድብ እያልኩ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አሁን ትቼው ሻይ ብጠጣ ያ ሁሉ ወሬ ነበር ማለት ነው።

ስለ እጄ የጻፍሽውን በአጉሊ መነጽር አራት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ እጄን ስታይ እኔ ምን እያየሁ እንደነበር ልንገርሽ። አንቺን ነበር። ከዳቦ ጋጋሪው ትከሻ በላይ ፊትሽ ይታየኝ ነበር። በየምቱ መሐል "አሁን ትጥለዋለች" እያልኩ ነበር የቆምኩት። እኔ አንቺን ስጠብቅ፣ አንቺ እኔን ስትጠብቂ፣ ዓይኔ ሄደ። አራት ጊዜ አንብቤ ጥፋተኛ ፈልጌ አጣሁ። እስከ ትናንት ግን ጥፋተኛዋ አንቺ ነበርሽ። አንድም ቀን ሳልናገር፣ ውስጤ ግን እንደዚያ አድርጌሽ ኖሬያለሁ። ጁዶን ያንቋሸሽኩትም በዚያ ነው፤ በኮትሽ አሳብቤ አንቺን ነበር የምመታው። ይቅር በይኝ።

ዳቦ ጋጋሪው ስለ ዓይኔ አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም። ካወቀ አይመታኝም።

ወንድምሽ

ኅዳር 18

ለወንድም ጋሼ፣

ይቅር የሚያባብል ነገር በመካከላችን የለም፤ ካለም የሁለታችን ነው። ደብዳቤህን ኪሴ ውስጥ ይዤው እየዞርኩ ነው። ትናንት አንዲት ተማሪዬን ስይዛት ሁለት ጊዜ መታችኝ፤ ለቀቅኳትና ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ልጆቹ ያመመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ለጠባቂው አልጻፍኩም። አልጽፍምም። የዓይኑ ባለቤት አንተ ነህ።

ግን ስለ ዳቦ ጋጋሪው አንድ ነገር ልበልህ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ሰውየው አንድ ዓይንህን ያጠፋው በሕጉ፣ በደወል መሐል፣ ሳያስበው ነው። እንደዚያም ሆኖ በየቀኑ ዳቦ እያቀበለህ ነው የሚኖረው። የምታይ መስሎት ሁለተኛውንም ቢያጠፋልህ በዚያ ሽማግሌ ላይ ምን እንደምትጭንበት አስበኸዋል? እውነተኛ ድብድብ ማለት ዓይን ለዓይን እየተያዩ መቆም ነው ብለሃል። እሱ እኮ አያይህም። እሱ የሚያየው ደህና የሆነ ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ደህና አይደለህም።

እመጣለሁ። ፎጣውን እይዛለሁ። በዚህ ጊዜ ፊትህን ነው የማየው፤ አንድ ነገር ካልጣመኝ ሳልጠይቅህ እጥለዋለሁ። አንተም አንድ ቃል ግባልኝ። ሲበቃህ ሁለት ጊዜ ምታ። የትም ይሁን፣ በጓንትም ቢሆን ይገባኛል። በአዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ እኔ ብቻ ነኝ የሚገባኝ፤ ስለዚህ ማንም አያይህም።

እህትህ

ኅዳር 24

ለእታለም፣

በመምጣትሽ ደስ ብሎኛል። ቤቱን ጠርጌ አልጋዬን አንጥፌልሻለሁ፤ እኔ መሬት እተኛለሁ፣ አትከራከሪኝ። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ግራውን መንገድ ያዢ፤ ቀኙ እየተቆፈረ ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ልገባበት ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ አንዲት አትክልት ሻጭ ናት ክንዴን ይዛ የመለሰችኝ።

ፎጣ ገዝቻለሁ፤ ነጭ ነው፣ ገና አልታጠበም። መጣሉን በፈቀድሽ ጊዜ ጣዪው። መብትሽ ነው።

ሁለት ጊዜ ምታ ያልሽውን ግን እርሺው። እጄ ያንን አያውቅም። በስተርጅና አላስተምረውም።

ስለ ዳቦ ጋጋሪው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ጠዋት በሱቁ በር ሳልፍ ዳቦውን ሲያቀብለኝ እጄ ስቶት ከነወረቀቱ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳልኝና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 6

ለወንድም ጋሼ፣

ሳልሰናበትህ መሄዴን ይቅር በለኝ። ከመልበሻ ክፍሉ እንደወጣሁ ያገኘሁት የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ነው የተሳፈርኩት። ጫማዬ አልጋህ ሥር ቀርቷል፤ በነጠላ ጫማ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐኪሙ ቤት ሄደህ ምቶቹ ዓይንህን እንዳላባባሱት ትናንት ከደረሰችኝ ባለ ሁለት መስመር ወረቀትህ በማወቄ ተነፈስኩ። ያለችው ብርሃን ባለችበት ናት ማለቱም ደስታ ነው፤ ብዙ ባትሆንም።

በዚያችው ወረቀት ምን እንዳየሁ ጠይቀኸኛል። መልበሻ ክፍል ውስጥ ልነግርህ ስል፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ እኔ አልመታሁም፣ ሰውየውን አቅፌው ነው ብለህ ጮህክብኝ። ስለዚህ አሁን ያየሁትን ብቻ ልጻፍልህ፤ ትርጉሙን አንተ ስጠው።

የመጀመሪያው ዙር ቆንጆ ነበር። እውነቴን ነው። እግርህ ያረጀ አይመስልም ነበር፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው "ይሄን ግድግዳ አሁንም ማንም አያልፈውም" ብሎ ሲያጨበጭብ ሰማሁት። በሁለተኛው ዙር ዳቦ ጋጋሪው ከጎን ሁለት ጊዜ መታህ። ሁለቱንም ጊዜ ፊትህ ቀድሞ አልተዘጋጀም፤ ቡጢው ካረፈ በኋላ ነው የደነገጠው። በዚያን ጊዜ ፎጣውን ጠቀለልኩት። ከዚያ ተያያዛችሁ። አገጭህ ትከሻው ላይ ነበር፤ የሱ አፍ ጆሮህ ሥር። ቀኝ ጓንትህ ከጀርባው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንዴ መታ። ቆየ። ደገመ።

ሰዎቹ ሁሉ አጨበጨቡ፤ አሮጌ ጓደኛሞች ተቃቀፉ ብለው። ዳኛውም ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ፎጣውን ጣልኩት።

አቅፌው ነው ካልክ ይሁን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን እጅ ስጠብቅ ስለኖርኩ ያልነበረ ነገር አይቼ ሊሆን ይችላል። ስለ ክፍሉም ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ተቀብቷል፣ አልጋም ገብቷል። ከዚህ በላይ ብለምንህ መጎተት ይሆናል።

እህትህ

ታኅሣሥ 20

ለእታለም፣

በዚህ ደብዳቤ መስመሮቹ ቀጥ ማለታቸው አያስገርምሽ። ክር የሌለው መርፌ ይዤ፣ በማስመሪያ እየሄድኩ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ወጋጋሁት። ቀዳዳዎቹን በግራ ጣቴ እየዳበስኩ ከላያቸው እጽፋለሁ። አለቃችን አይተው ወረቀት መስፋት ጀመርክ ወይ አሉኝ። ከአንድ ወር በላይ ቆይተው በፊት ለፊቱ በር ሲገቡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ጫማሽ ደህና ነው። ጠርጌ አስቀምጬዋለሁ።

ደብዳቤሽን ያነበበልኝ ዳቦ ጋጋሪው ነው። መነጽሩም አጉሊውም አልረዳኝ ሲሉ ሱቁ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ደንበኛ እስኪቀንስ ጠበቅኩና ከባንኮኒው ኋላ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ስለ ዓይኔ በግልጽ የሰማው ከአንቺ ደብዳቤ ነው፣ በራሱ አፍ እያነበበ። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። "አንዴ መታ። ቆየ። ደገመ።" የሚለው ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ፣ "የጠየቅኩህ እኔ ነኝ እኮ" አለኝ።

አንቺ ከማዕዘኑ ሆነሽ ያልሰማሽው ይህንን ነው። ስንያያዝ ጆሮዬ ሥር "ታየኛለህ?" አለኝ። ሁለቱን ቡጢ ሲጥል ሳልከላከለው ስቀር ገብቶታል። ፊቱ ከፊቴ ጎን አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ዱቄት ዱቄት የሚል ሽታው መጣልኝ፣ ትንፋሹ መጣልኝ፣ ፊቱ ግን አልመጣልኝም። ላየው የሄድኩትን ሰው አላየሁትም። ትንፋሼ አልቆ አፌ በጥርስ መከላከያው ተሞልቷል፤ ልዋሸው ብፈልግም አልችልም። አንቺ ስለሱ የጻፍሽው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተራ በተራ መጣብኝ። እጄ ነው የመለሰለት።

አቅፌው ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። መታሁ። ሁለት ጊዜ መታሁ፣ አንቺም ጣልሽው። ፎጣው ሲወድቅ ነጭ ነገር በዓይኔ ፊት ሲያልፍ አየሁ፤ በዚያ ቀን በደንብ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ነገር ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ወዲያው ግን አፈርኩ፤ የጮህኩብሽ ለዚያ ነው።

ያ ሰፊ፣ ስልክ የሚያየው፣ ሰሞኑን እንደገና ጠየቀኝ። የቱ ነው እውነተኛው ድብድብ፣ ቁርጡን ንገረኝ አለኝ። እንጃ አልኩት። ተይዘህ ሳለ በቃኝ ለማለት ድፍረት የሚጠይቅህ የትኛውም ይሁን፣ እሱ ይመስለኛል አልኩት። አልገባውም። ለእኔም ስልሳ ዓመት ነው የፈጀብኝ።

ዳቦ ጋጋሪው አሁን ሥራ ሲጨርስ እየመጣ ቤት ያደርሰኛል። ክንዴን አይይዘኝም፤ እኔ ነኝ ትከሻውን የምይዘው። ግን እሱም አርጅቷል፣ ሱቁን ለልጁ ሊያስረክብ ነው። ቤቴ ደግሞ ደረጃ ብቻ ሆኗል። ትናንት ምድጃውን ለኩሼ ረስቼው እጄ ተቃጠለ፤ ትንሽ ናት፣ አትደንግጪ። የመስፊያውን ቤት ሥራዬንም ጨርሼ አስረክቤያለሁ። ያ መቶ ጥንድ ጓንት አለቀ።

ስለ ክፍሉ ከእንግዲህ አልጠይቅህም ብለሻል። ስለዚህ መጠየቁ የእኔ ተራ ሆኗል። ሁለት ቀን ሞከርኩ፤ ቃሉ በብዕር አልወጣ አለኝ። ከስሜ በታች በጣትሽ ዳብሺው። ከመስመሩ ውጭ፣ ብቻቸውን፣ በወፍራሙ መርፌ የወጋኋቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ትርጉማቸውን ታውቂያለሽ። መጥተሽ ውሰጂኝ።

ወንድምሽ